ከአዳማ እስከ አዋሽ ፏፏቴ የተደረገ ጉዞ

ሰው አገሩን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዐይኑም ጭምር ማወቅ እንደሚገባው ሽማግሌዎች ሲነግሩን ኖረዋል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የሩቁን አገር ሥዕል በቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስናደንቅ፣ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለውን ሳናይ እንቀራለን። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በአዳማ ከተማ ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የአዋሽ ወንዝ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ከውሃው እጠጣለሁ፤ በውሃው ከበቀለው አገዳ የተሠራውንም ስኳር በቡናዬ ላይ እጨምራለሁ። ሆኖም ወንዙ ከገደል ላይ ሲወርድ ለማየት እስከ ዘንድሮ ድረስ አልሄድሁም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለቤተ ሰብ ገጽ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ግን የፏፏቴው ውበት ብቻ አይደለም። በመንገዳችን ላይ ከአንዲት እናት ጋራ የተነጋገርነው ነገር አለና፣ እርሱ ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ ነው።

የባለቤቴ አባት እኅት በመተሐራ ከተማ ይኖራሉ። ቤተ ሰቡ ሁሉ «አዳዳ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ይኸውም በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዚያው ባላቸው በሠሩት ቤት ይኖራሉ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረች አንባቢዎቼ ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥና በጥር ነገሩ እየበረታ ሄደ። አንዳንዱ መንቀጥቀጥ በመለኪያው ከ5 በላይ ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። በታኅሣሥ መጨረሻም በዶፈን ተራራ አጠገብ ከምድር ውስጥ እንፋሎትና ጭቃ በኀይል ሲወጣ ታየ።

ያን ጊዜ አዳዳን ወደ አዳማ አመጣናቸው። ገናንና ጥምቀትን ከኛ ጋራ አከበሩ። እኛም ከእንግዲህ ወዲህ አብረውን ይኖራሉ ብለን አልጋ ገዛን። እርሳቸው ግን በመጋቢት አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው «ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። ማታ ስልክ ደወሉ፤ መተሐራ ገብተዋል። በአውቶቡስ ተሳፍረው ነው የሄዱት። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም ተቈጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ይምጡ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «እሺ፤ አያለሁ» ይላሉ፤ ግን አይመጡም።

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጆቹን የአዋሽን ፏፏቴ እናሳያቸዋለን ብለን እንሂድ። ስንመለስ አዳዳን በመኪናው አስገብተን እናምጣቸው። በስልክ እንቢ ያሉትን ፊት ለፊት እንቢ አይሉም።» ነገሩ ጥቂት ተንኰል ያለበት ቢሆንም ሐሳቡ ደግ ነውና ተስማማሁ። እንግዲህ የጉዟችን ምክንያት ሁለት ነበረ፤ አንዱ የሚነገር፣ ሁለተኛው የሚደበቅ።

ቅዳሜ ከጧቱ በ12 ሰዓት ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ጀሪካን ውሃ በመኪናው ጭነን፣ ከባለቤቴ፣ ከ15 ዓመት ሴት ልጄና ከ9 ዓመት ወንድ ልጄ ጋራ ተነሣን። አዳማ በዚያ ሰዓት ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም ነበር። ይህች ከተማ በታላቁ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ስሟ በኦሮምኛ ከቁልቋል ዛፍ ስም የመጣ ነው ይባላል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በወንጌል በምትጠራው ከተማ ስም ናዝሬት ብለዋት ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን የቀድሞ ስሟ በሕግ ተመልሶላታል። ሆኖም ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ ዛሬም ናዝሬት ይሏታል፤ ማንም አያርማቸውም።

ፀሓይ ወጥታ ፊት ለፊታችን ስትመታን ወለንጪቲን አለፍን። በግራና በቀኝ ያለው ጤፍ ወደ ቢጫነት መለወጥ ጀምሮ ነበርና እጅግ ደስ ይላል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይሄዳል፤ እርሻው ይቀንሳል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ታላላቅ የጭነት መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታልና፣ የሚነዳ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በዚሁ አቅጣጫ የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ያልፋል።

ሴት ልጄ በትምህርት ቤት የተማረችውን ታስረዳን ነበር። የስምጥ ሸለቆ ማለት ምድር ቀስ በቀስ ለሁለት እየተከፈለች የወረደችበት ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ በሚያልፈው በዚህ ሸለቆ ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህም የእጃችን ጥፍር በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። ወንድሟ ጥፍሩን ተመልክቶ «እንግዲያስ ምን ያስፈራል?» አለ። እርስዋም «ሁልጊዜ በዝግታ አይሄድም፤ ብዙ ዘመን ተይዞ ይቈይና ባንድ ጊዜ ይለቀቃል» ብላ መለሰችለት። ያለፈው ዓመት መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነበር። ሊቃውንት በሰማይ ከሚዞሩት መሣሪያዎች በተገኘው መለኪያ እንደ ተረዱት፣ ከምድር በታች የቀለጠ ድንጋይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ወደ ጎን ሰርጎ ሲገባ መሬቱን ሰነጠቀው።

ወደ መተሐራ ሲቀርቡ የፈንታሌ ተራራ በስተ ግራ ይታያል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ነው፤ ራሱ ግን እንደ ድስት ጐድጓዳ ነው። በተራራው ደቡባዊ ግርጌ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ገደማ ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፈውም ትናንት የተገለበጠ እርሻ ይመስላል፤ ሣር እንኳ እምብዛም አልበቀለበትም።

ከጥቁሩ ድንጋይ ቀጥሎ የበሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አውራ ጐዳናውንና ሐዲዱን እያጥለቀለቀ ስላስቸገረ መንገዱን ደጋግሞ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ውሃው ጨዋማ ስለ ሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም። የመስፋቱን ምክንያት ሊቃውንት ሲመረምሩ፣ አንዳንዶቹ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውን ውሃ፣ ሌሎቹም ከምድር ውስጥ የሚወጣውን ፍል ውሃ ያነሣሉ። ባለቤቴ በልጅነቷ አዳዳን ለመጠየቅ ስትመጣ ከብት ይግጥበት የነበረውን መስክ ልታሳየን እጇን ዘረጋች፤ እጇ የጠቈመው ውሃውን ነበር።

ከረፋዱ በ3 ሰዓት መተሐራ ደረስን። ከአዳማ እስከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። የአገዳው እርሻ እንደ አረንጓዴ ባሕር ተንጣሎ ይታያል። አገዳውና የዱር አራዊቱ ጥብቅ ስፍራ ከመምጣታቸው በፊት ይህ ሜዳ የከረዩ ኦሮሞ ከብትና ግመል የሚሰማራበት ነበር፤ ዛሬም ግመሎቻቸውን እየነዱ በመንገዱ ዳር ሲያልፉ አየናቸው።

አዳዳ በደጃቸው ቆመው ተቀበሉን። እንደ ደንቡ ቡናው ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ልጆቹ ተስመው ተቀመጥን። እኔ ግን ዐይኔ ከግድግዳው ላይ አልነሣ አለ። ባላቸው በብሎኬት ያሠሩት ታላቁ ክፍል ከጣራው ማዕዘን እስከ መስኮቱ ድረስ በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ እጅ ይገባል። አዳዳ ከስንጥቁ ላይ የመድኀኔ ዓለምን ሥዕል ሰቅለውበታል። አልጋቸውም እዚያው ሥር ነው።

በሥራዬ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል የምጽፍ ነኝና ሰው የሚናገረውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መስማት ለምጃለሁ። ስለዚህ የነገሩንን እንደ ነገሩን አቀርባለሁ። «በመጀመሪያ የሚሰሙት ውሾቹ ናቸው። ቀጥሎ ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ዝናም መጣ ትላለህ። ኋላ አልጋህ እንደ በቅሎ ይሄዳል። ሌሊት ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ በውጭ ሸራ ወጥሮ ያድር ነበር። ያን ጊዜ ሀብታምና ድኻ አልነበረም፤ ክርስቲያንና እስላም አልነበረም፤ ቡናው አንድ፣ እሳቱ አንድ ነበረ።» ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ደጅ ተመልክተው ፈገግ አሉና «መኪናችሁ ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር አየሁ» አሉ።

ባለቤቴ አፈረች፤ እኔም ቡናዬን ተመለከትሁ። እርሳቸው ግን አልተቈጡም። «አርባ ዓመት እዚህ ስኖር የሚመጣ ሰው ሁሉ ፏፏቴ አየሁ ይለኛል፤ እኔን ግን ልውሰድሽ ያለኝ የለም። በባዶው ወንበር መጀመሪያ ወደዚያ ውሰዱኝ። ሌላውን ነገር እዚያ እንነጋገራለን» አሉ። ይህን ስሰማ በውስጤ ታዘብሁ፤ ከሩቅ አገር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያዩትን፣ አጠገቡ ያረጀችው እናት አላየችውም።

ከመተሐራ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። ይህ የዱር አራዊት መጠበቂያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ስፋቱም ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመግቢያውን ከፍለን፣ ጠባቂ አብሮን ተሳፍሮ፣ በአቧራው መንገድ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሜዳው ኢላላ ሳላ ይባላል። እንደ ስሙም ሳላዎችን አየን፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው በጥቁርና በነጭ የተከፈለ፣ ሲቆሙ እንደ ዘበኛ የሚኮሩ እንስሶች ናቸው። ከርከሮ ከነልጆቿ ጅራቷን እንደ ዘንግ አቁማ አቋረጠችን። ጠባቂው በዚህ ስፍራ ከ400 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸውን ነገረን፤ ወንድ ልጄ እስከ 11 ቈጥሮ ደከመው።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መኪናውን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁመን በእግር ስንወርድ በመጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችንን ዳሰሰው፤ በመጨረሻ ገደሉ ዳር ስንደርስ አዋሽ ወንዝ በሙሉ ግርማው ተገለጠ። ቁመቱ ከጢስ ዓባይ ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ሲሆን ይህ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ነገር ግን ስፋቱና ጕልበቱ ያስደንቃል። ውሃው አንድ ሆኖ አይወርድም፤ በጥቁሩ ድንጋይ እየተከፈለ፣ እዚህ እንደ መጋረጃ፣ እዚያ እንደ ገመድ፣ ከዚያም ወዲያ እንደ ፈላ ወተት ሆኖ ይወርዳል። መልኩ ቡናማ ነው፤ ከደጋው ያመጣው አፈር ነዋ! ከታች ግን በአረፋው ላይ ቀስተ ደመና ቆሞ ነበር። ከክረምት በኋላ ያለው ወቅት ለማየት እጅግ የተመቸ ነው፤ በበጋ ውሃው እየቀነሰ ከድንጋዩ ብዙው ይራቆታል።

ወንዙ የሚወድቅበት ድንጋይ ራሱ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ነው። ከፏፏቴው በታች ውሃው ገደሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ በጭቃው ዳር አዞ ተኝቶ ፀሓይ ሲሞቅ አየን። በዛፎቹ ላይ ጕሬዛና ዝንጀሮ አለ። ስለ ዝንጀሮው ጠባቂው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስረዳን፤ ከፏፏቴው በላይ በወንዙ አጠገብ የሚኖረው ዝንጀሮ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ከፏፏቴው በታች በገደሉ የሚኖረው ወንዱ እንደ ካባ ያለ ግራጫ ጠጕር የለበሰ ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱ በዚህ ስፍራ ተገናኝተው ይዋለዳሉና፣ የዓለም ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲመረምሯቸው ኖረዋል።

ይህን ስንሰማ ወንድ ልጄ አዞውን ደኅና አድርጎ ለማየት ሲል ከኔ እጅ አምልጦ ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጠ። እኔ ጮኽሁ፤ ከፏፏቴው ድምፅ የተነሣ ግን አልሰማኝም። አዳዳ ከሁላችንም ይቀርቡት ነበርና በሸሚዙ አንገትጌ ያዙት። እግሩ በርጥቡ ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ልጁ በእጃቸው እንዳለ ሁለቱም ተቀመጡ። እኔ ስደርስ አዳዳ «ውሃ የላሰውን ድንጋይ አትመነው» ይሉት ነበር፤ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አንባቢዎቼን የምለምነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ወደዚህ ስፍራ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ እጁን ያዙ እንጂ ዐይናችሁን አትመኑ። በወንዙም አትታጠቡ፤ ለዝንጀሮም ምግብ አትስጡ።

ከጥላው ሥር ተቀምጠን ዳቦውን ቈረስን። ሴት ልጄ ስለ ስምጥ ሸለቆው ያስረዳችንን ለአዳዳ በኦሮምኛ ደገመችላቸው፤ ሶደሬ ላይ ሰው የሚታጠብበት ፍል ውሃ፣ ከዚህ በስተ ሰሜን በዘንባባው መካከል የሚፈልቀው ምንጭ፣ የፈንታሌ ተራራ፣ ውሃው የሚወድቅበትም ድንጋይ ሁሉ ከዚያው ከምድር ውስጥ እሳት የመጡ መሆናቸውን ነገረቻቸው። እርሳቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ውሃውን ሲመለከቱ ቈዩና ወደኛ ዞረው እንዲህ አሉ፤

«እንግዲያስ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ እናንተ ምድር የተሰበረበትን ለማየት መቶ ኪሎ ሜትር መጣችሁ፤ እኔን ግን ምድር ከተሰበረበት ሽሽ ትሉኛላችሁ።»

ባለቤቴ «አዳዳ፤ እኛ አይተን እንመለሳለን፤ እርስዎ ግን ያድሩበታል» አለቻቸው። እርሳቸውም «እውነትሽን ነው፤ እኔም እፈራለሁ። የማልፈራ አይምሰልሽ» አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ራሳቸው ያልነገሩንን ነገሩን። ከጎረቤታቸው አንዲት እናት የሞተችባት የ6 ዓመት ልጅ አለች፤ አባቷ በአገዳው እርሻ ሌሊት ሲሠራ ከአዳዳ ጋራ ታድራለች። ስምንት ፍየሎች አሏቸው። የሰፈሩ የዕድር ገንዘብ የሚቀመጠው በእርሳቸው ሣጥን ነው። ባላቸው የተቀበሩትም እዚያው ነው። «በናንተ ቤት ክብር አልጐደለብኝም፤ አልጋው ለስላሳ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እዚያ የምጦር ነኝ፤ እዚህ የምጦር ሰው አለኝ» አሉ።

ይህን ጊዜ እኔ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለብዙ ወር «ይምጡ» ስንላቸው ለሕይወታቸው አስበን ነበር፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ግማሹ ለገዛ እንቅልፋችን ያሰብነው መሆኑን አሁን ተረዳሁ። ስለ ቤታቸው ግድግዳ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር። ሰውን ከስፍራው ማንሣት እንጂ ስፍራውን ለሰው ማበጀት ወደ ሐሳባችን አልመጣም።

ሽማግሌዎች ስለ ዓባይ ማደሪያ የሌለው መሆኑን በተረት ይናገራሉ። አዋሽ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በአፋር በረሓ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ባሕርም አይደርስ። በቆቃ ታግዶ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ኀይል ሰጥቷል፤ ለዚያ ግድብ ሥራ የዋለው ገንዘብ ኢጣልያ የጦር ካሣ አድርጋ የከፈለችው ነበር። ወንጂ ላይ አገዳ አጠጥቷል። በታችኛው ሸለቆውም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተገኝታበታለች። ይህ ወንዝ ያለውን ሁሉ በአገሩ ላይ ይጨርሳል። እኛ ፏፏቴውን የምናየው በዚያ ረጅም ሥራ መካከል ለአንድ አፍታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ነው። አዳዳንም ከወንዙ አጠገብ ተቀምጠው ሳያቸው ይህን አሰብሁ፤ ግን አልነገርኋቸውም፤ ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበርና።

ከቀትር በኋላ ወደ መተሐራ ተመለስን፤ ባለቤቴም አዳዳን ወደ አዳማ ይዘን እንሂድ የሚለውን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣችም። ይልቁንም ከሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አስጠርታ ቤቱን አሳየችው። አናጢው ስንጥቁን በጣቱ ከለካ በኋላ ወደ ጓሮ ወስዶ ማድ ቤቱን አሳየን። ማድ ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ነው፤ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ጥቂት ጭቃ ከመርገፉ በቀር ምንም አልሆነም። ምክንያቱንም ሲያስረዳን፣ እንጨቱ ርስ በርሱ የታሰረ ስለ ሆነ ምድር ስትነቃነቅ አብሮ ይነቃነቃል፤ ብሎኬቱ ግን ብረት ሳይገባበትና ሳይታሰር የተደረደረ ስለ ሆነ፣ ከባድም ስለ ሆነ፣ መታጠፍ አይችልምና ይሰነጠቃል አለን። ይህ የመሐንዲሶችም ቃል ነው፤ በምድር መንቀጥቀጥ አገር ቤት ሲሠራ ጣራው ቀላል፣ ግድግዳው የታሰረ፣ መሠረቱም ጽኑ እንዲሆን ይመክራሉ።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። የተሰነጠቀው ግድግዳ ፈርሶ በታሰረ እንጨት ይሠራል። ገንዘቡን እኛ እንከፍላለን ስንል አዳዳ እንቢ አሉ፤ ሁለት ፍየል ሸጠው የእንጨቱን ይከፍላሉ፤ የቀረው በኛ ይሁን ተባለ። ሥራው እስኪፈጸም ድረስ አልጋቸው ከስንጥቁ ሥር ተነሥቶ ወደ ሌላው ክፍል ገባ፤ ከራስጌው በላይ የነበረው ሣጥንም ወደ መሬት ወረደ። በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ፤ መብራትና ጫማ ከአልጋው አጠገብ እንዲቀመጥ ሴት ልጄ ለዚያች ለጎረቤት ልጅ አስተማረቻት። አዳዳም በበኩላቸው፣ ምድር እንደ ገና ብትጀምር ወይም ሹማምንቱ ልቀቁ ቢሉ፣ ልጅቱን ይዘው ሳይከራከሩ ወደ አዳማ ለመምጣት ቃል ገቡ። ይህን ቃል ከሰጡ በኋላ እንኳ «ፍየሎቹስ?» ብለው ጠይቀዋል።

ፀሓይ ስትጠልቅ ተነሣን። ባዶው ወንበር ባዶ እንደ ሆነ ተመለሰ። ለማለት ያህል ባዶ አልነበረም፤ አዳዳ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ጭነውበታል። በመንገድ ላይ ልጆቹ ተኝተው ሳለ ባለቤቴ «ተሸነፍን?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ እንጃ፤ ብቻ ዛሬ ስለ እርሳቸው ሳስብ ግድግዳው በዐይኔ አይመጣም» አልኋት።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ወደ አዋሽ ፏፏቴ ሂዱ ስል እመክራችኋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በማለዳ ቢወጣ ከቀትር በፊት ይደርሳል። ልጆቻችሁንም ውሰዱ፤ ምድራቸው በውስጧ ምን እንዳላት፣ ወንዛቸውም ስንት ሥራ እንደሚሠራ ይወቁ። ነገር ግን መልካሙን ስፍራ አይታችሁ ስትመለሱ በዚያው አካባቢ የሚኖረውን ሰው ሳትጠይቁ አትለፉ። እኛ በአንድ ቀን አይተን የምናደንቀውን ውበት፣ እርሱ ከነአደጋው ዓመቱን ሙሉ ይኖርበታል። በዚያም ዘመድ ያላችሁ «ተነሥተህ ና» ከማለታችሁ በፊት፣ ቤቱ እንዴት እንደ ቆመ ገብታችሁ ተመልከቱ።

አዳዳ ዛሬም በየማታው ይደውላሉ። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደርሷል ብለውናል። የመድኀኔ ዓለም ሥዕል ወደ ስፍራው ሲመለስ ተጠርተናል፤ ፏፏቴውንም ዳግመኛ እናያለን፤ የልጁ እጅ ግን በዚያን ጊዜ ከእጄ አይወጣም።